ሦስት ቦታ የተሸሸገችው ሞተሬ

የማወጋችሁ ስለ አንዲት ቀይ ሞተር ሳይክል ነው። «ቀይ» ያልኩትን ግን አንባቢ በጥርጣሬ ይያዝልኝ። እኔ ስገዛት ቀይ እንደነበረች አስታውሳለሁ፤ ሊብሬዋ ላይ ግን «ቡናማ» ተብሎ ተጽፏል። ሊብሬን የሚያህል ባለማኅተም ወረቀት ተሳስቷል ለማለት ድፍረቱ የለኝም። ወጥቼ እንዳላረጋግጥ ደግሞ ከጦርነቱ በኋላ ሰማያዊ ተቀብታለች። ሰማያዊነቷን ግን ዛሬ ጧት አይቼ ስለገባሁ አልጠራጠርም።

የገዛኋት በለውጡ ሰሞን ነው። ያን ጊዜ አገሩ ሁሉ አንድ ነገር ለመጀመር ይጣደፍ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ አንዱ ፓርቲ አቋቋመ፤ ሌላው ፓስፖርት አወጣ፤ እኔ ሞተር ሳይክል ገዛሁ። ከሦስታችን ዛሬም በእጁ የሚታይ ነገር ያለው እኔ ብቻ ነኝ ብል ትዕቢት አይሁንብኝ።

ባለ ሁለት መቶ ሃምሳ ሲሲ፣ ለአስፋልት የተሠራች፣ ወገቧ ዝቅ ያለ፣ ደረቷ የሰፋ ናት። እኔ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ፤ የምኖረው ሐይቅ ከተማ፣ የምሠራው ደግሞ ውጫሌና ከውጫሌ በላይ ባለው ተራራማ ገጠር ነው። ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚሆነው ቀጭንና እግረ ረጅም የገጠር ሞተር እንደሆነ የማያውቅ የለም። እኔም አውቅ ነበር። ግን ከሐይቅ ወጥታ በውጫሌ መንገድ ላይ ስትከንፍ፣ ኩርባው ላይ ትከሻዋን ሰበር አድርጋ ስትታጠፍ፣ በግራ በኩል የአምባሰል ተራራ አብሯት የሚሮጥ ሲመስል ያየ ሰው ስለ ገጠር ሞተር ጥቅም ረዘም ያለ ክርክር አያነሣም።

እንክብካቤዋን የተማርኩት ከሰይድ ነው። ሰይድ ከተማው መውጫ ላይ ጋራዥ ያለው፣ ጢሙ ሽበት የጀመረው መካኒክ ሲሆን፣ ሞተር የሚመረምረው የካቻቢቴውን አፍ ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ደግኖ ነው። የቫልቭ ክፍተት በምላጭ ይለካል። ምላጩ ሳይጨናነቅ ካለፈ ደግ ነው፤ ካላለፈ «ትንፋሽ አጥሯታል» ይላል። የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ቢኖረኝም እንደ ከተማው ሁሉ «ዶክተር» እያለ ይጠራኛል።

«ዶክተር፣ ይቺ ልጅ ባቲ እያዜመች ነው» አለኝ አንድ ቀን፣ ዓይኑን ጨፍኖ እያዳመጠ።

«ምን ማለትህ ነው?»

«ቆማ ትቸኩላለች። ይቺ የተፈጠረችው ለአምባሰል ነው። ረጋ ማለት አለባት።»

ይህን ብሎ ካርቡራተሯ ላይ ያለችውን ብሎን ሩብ ዙር መለሳት። እኔ ሁለቱን ቅኝት በክራር ቢጫወቱልኝ እንኳ ለመለየት የምቸገር ሰው ነኝ፤ የዚያን ዕለት ግን ልዩነቱ ገባኝ። ከዚያ ወዲህ በሳምንት አንድ ቀን ካቴናዋን በዘይት እያጠብኩ፣ ካንዴላዋን እየፈታሁ እየወለወልኩ፣ ከሁለት የጥርስ ብሩሾቼ አንዱን ለእሷ መደብኩላት። የትኛው የማን እንደሆነ የረሳሁበት አንድ ጧት ነበር፤ እሱን ባላነሣው ይሻላል።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ወደ ሐይቅ በተቃረበበት ሳምንት ከወዲያ የሸሹ ሰዎች ሲያልፉ «የሚነዳ ነገር ሁሉ ይወሰዳል» አሉን። ሕዝቡ ልጅና ስንቅ ሲያዘጋጅ እኔ አንድ ሥርዓት ነደፍኩ። የተማርኩ ሰው ነኝና መሸሽ ብቻውን አልበቃኝም። ሞተሯ ሙሉ ሆና ከተገኘች ትወሰዳለች፤ ከተበታተነች ግን የተገኘው ቁራጭ ለማንም አይጠቅምም። ስለዚህ ከሰይድ ጋር ሆነን ፈታናት። ዋናውን አካል ጓሮዬ አቁመን፣ ጭቃና ጭድ መርገንበት የዶሮ ማደሪያ አስመሰልነው። ሁለቱን ጎማዎችና ካርቡራተሩን ከነካንዴላው እኔው ብቻዬን ዞሬ ለሰው በአማና ሰጠሁ።

አማና ማለት አደራ ነው፤ ግን በእኛ አገር ክብደቱ ሌላ ነው። ተቀባዩ ነገ አላህ ፊት ቆሞ የሚጠየቅበት ዕቃ ነው። ክርስቲያኑም እስላሙም በዚሁ ስም ይጠራዋል፤ በዚሁ መጠን ይፈራዋል።

ለማን ምን እንደሰጠሁ ወረቀት ላይ አልጻፍኩም። ወረቀት ይያዛል፤ የሰው ጭንቅላት ግን አይፈተሽም ብዬ ነው። ለእያንዳንዱ ባለአደራ ደጃፉ ላይ ቆሜ ረጅም መመሪያ መስጠቴ ትዝ ይለኛል። መመሪያው ምን ይል እንደነበር ግን ከወራት በኋላ ከስደት ስመለስ ጭንቅላቴን ብፈትሸው አጣሁት።

ስንመለስ የዶሮ ማደሪያው እንደቆመ ነው። እንዲያውም የማን እንደሆነች ያላወቅናት አንዲት ዶሮ ነገሩን አምናበት ሞተሩ ላይ እንቁላል ታቅፋለች። ሰይድ መፍቻውን እንደያዘ ቆመና «ትፈልፍል እንጂ ዶክተር፤ ነውር ነው» አለኝ። እኔም የምሄድበት ስላልነበረኝ ተስማማሁ። ሁለታችንም ተቀምጠን ዶሮዋን በማየት ላይ እያለን ነው ስልኬ የጮኸው።

አህመድ ነበር፤ ከውጫሌ በላይ ያለ ገበሬ፣ የብዙ ዓመት ወዳጄ።

«ዶክተር፣ አለህ?»

«አለሁ አህመድ። እናንተስ?»

«ነፍሳችን አለች፤ አልሃምዱሊላህ። በሬዎቹ በግርግሩ ታርደው አልቀዋል፤ ይህን ሰምተሃል። ለከርሞ ጥማድ የቀሩን ወይፈኖቹ ናቸው። ትናንት ሁለት ወደቁ። ዛሬ ጧት የጎረቤቴ ሦስተኛው። ጭኑ አብጦ፣ ስትነካው እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል።»

ይህን ምልክት የሰማ ባለሙያ መጽሐፍ አይገልጥም። አባ ጎርባ ነው። ወጣቱን፣ የሰባውን፣ የደላውን ከብት መርጦ በአንድ በሁለት ቀን የሚጥል በሽታ ነው፤ ከያዘ በኋላ የሚያድነው የለም ቢባል ይቀላል። ያልተያዘውን ግን ክትባት ያስጥለዋል።

ወዲያው ደሴ ላለው መሥሪያ ቤት ደወልኩ፤ ክትባቱ በማግሥቱ ጧት በመኪና ሐይቅ ከተማ ደረሰ። አንድ ሳጥን ሙሉ ሲሆን፣ በበረዶ ውስጥ ተቀብሮ ነበር። ያመጣው ሾፌር «ይህ በረዶ ቢበዛ እስከ ነገ ቀትር ነው» ብሎ አስረክቦኝ ተመለሰ። በከተማው መብራት የለም፤ የሚሠራ ማቀዝቀዣ የለም፤ የመሥሪያ ቤታችን ሞተሮች አንድም አልቀሩም። እስከ ውጫሌ ሚኒባስ ይገኛል፤ ከዚያ ወደ አህመድ መንደር የሚወጣው ጥርጊያ መንገድ ግን በእግር አንድ ሙሉ ቀን ነው። አንድ ሙሉ ቀን ማለት ደግሞ ሞቅ ያለ ውኃ ይዞ ወይፈን ፊት መቆም ማለት ነው።

ዶሮዋን ከነእንቁላሎቿ በቅርጫት አነሣናት። ቅር አላት፤ ሰይድንም ቅር አለው።

ቀጥሎ ወደ እትዬ ዘሐራ ሄድን። እትዬ ዘሐራ ሐይቅ ገበያ ላይ ሽንኩርት የሚሸጡ፣ ልጆቻቸው ዓረብ አገር የሚሠሩላቸው፣ ያለ መሐላ አንድ ዓረፍተ ነገር የማይዘጉ ሴት ናቸው። ካርቡራተሩን የሰጠሁት ለእሳቸው እንደሆነ እርግጠኛ ነበርኩ። ይህ እርግጠኝነት ስንት ደቂቃ እንደቆየ ትፈርዳላችሁ።

«እትዬ ዘሐራ፣ ሰላም አደሩ?»

«አልሃምዱሊላህ፤ ወላሂ ዛሬስ ደህና ነኝ። ይህን ሽንኩርት እየው ልጄ፤ ወላሂ ዛሬ ጧት ነው የገባ፤ ወላሂ አንድ የበሰበሰ የለበትም።»

«ሽንኩርቱን በኋላ እወስዳለሁ። ለጊዜው ካርቡራተሬን ልቀበል ነው የመጣሁት።»

እኔን አዩኝ። ሰይድን አዩት። ከኋላችን ያለውን መንገድ ራቅ አድርገው አዩት።

«ምንህን?»

«ካርቡራተሬን። በጨርቅ የጠቀለልኩት፣ ይህን የምታህል ብረት። ካንዴላም አብሮት አለ።»

«እኔ የሽንኩርት ነጋዴ ነኝ ልጄ። ካርቡራተር ወጥ አይገባ፤ ምን ይሠራልኛል?»

«ለእርስዎ መስጠቴን አስታውሳለሁ እኮ።»

«ታስታውሳለህ?» አሉኝ፣ ዓይኔን ትክ ብለው እያዩ።

አንድን ሰው ከሥሩ ለመንቀል ይህ አንድ ቃል በቂ ነው፤ በተለይ ሰውየው እኔ ከሆንኩ። እውነት ለእሳቸው ሰጥቻለሁን? ወይስ ለእሳቸው ለመስጠት አስቤ ለሌላ ሰጠሁ? ወይስ ሽንኩርት ገዝቼ ተመለስኩ? ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁ።

በጎማዎቹ በኩል ግን ዕድል ቀናኝ። የሰጠኋቸው ለዓሣ አጥማጁ ለእንድሪስ ነበር፤ እሱም ገና ከሩቅ ሲያየኝ «ጎማህን ነው? አለ፤ ታጥቦም ይቆይሃል» አለ።

«የት ነው ያለው?»

በአገጩ ሐይቁን አመለከተኝ።

«ውኃው ውስጥ?»

«'ሰው የማይደርስበት ቦታ አስቀምጥልኝ' ያልክ አንተ አይደለህ? ድንጋይ አስሬ አሰጠምኩት። አብሽር፣ ምልክት ይዣለሁ። የመስጊዱ ሚናራና ያ ትልቁ ዋርካ አንድ መስመር ላይ ሲገቡ፣ እዚያ ላይ ነው።»

ሁላችንም ወደ ዋርካው ዞርን። ዋርካው አልነበረም። በእነዚያ ወራት ለማገዶ ተቆርጧል። እንድሪስ የቀረችውን ጉቶ ለረጅም ጊዜ ተመለከተና «እንግዲህ ግማሽ ምልክት አለን» አለ።

በጀልባ ወጣን። በግማሽ ምልክት ሐይቅ ውስጥ ጎማ መፈለግ ምን እንደሚመስል ለማስረዳት አልሞክርም። መንጠቆው መጀመሪያ ያወጣው ማሰሮ ነበር። ቀጥሎ አንድ ከባድ ነገር ያዘና ሦስታችን ተጋግዘን ብንስበው የፀጉር አስተካካይ ወንበር ሆኖ ብቅ አለ፤ ከነመደገፊያው፣ ከነመዘውሩ። እንድሪስ ደነገጠ።

«ይሄ የሌላ ሰው አማና ነው» ብሎ በቀስታ መልሶ አሰጠመው። «አላያችሁም።»

«አላየንም» አልን እኔና ሰይድ ባንድ ድምፅ። በሕይወቴ እንድረሳው የተለመንኩት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ወንበር ነው፤ እስከ ዛሬ የመደገፊያው ቀዳዳ ሳይቀር ትዝ ይለኛል።

ጎማዎቹ የወጡት ከቀትር በፊት ነው። ከኋለኛው ጎማ ውስጥ የክንዴን ያህል አምባዛ ተጠምጥሞ ተኝቶ ነበር። «ዓሣው የኔ፣ ጎማው ያንተ» አለ እንድሪስ፤ ክፍፍሉ ፍትሐዊ ነበር። ሰይድ ኩሽኔታውን ሊያጥብና ግራሶ ሊቀባ፣ ከመነዳሪውንም ሊያይ ጎማዎቹን ይዞ ሄደ። እኔ ሳጥኑን ከፍቼ አየሁ፤ የበረዶው ጠርዝ መክበብ ጀምሯል። ቶሎ ዘጋሁት።

አሁን በትምህርት ኃይል ማሰብ ጀመርኩ። ካርቡራተሩ በጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር። ጨርቅ ያለው ማን ዘንድ ነው? ልብስ ሰፊ ዘንድ። የማውቀው ልብስ ሰፊ ማን ነው? ጋሽ ይመር። እንግዲህ የሰጠሁት ለጋሽ ይመር ነው! እንዲህ ዓይነት የተጣራ ሐሳብ ከአእምሮ ሲወጣ ሰው ራሱን ያደንቃል። በሩጫ ሱቃቸው ደረስኩ።

«ጋሽ ይመር፣ ያንን በጨርቅ የጠቀለልኩትን ዕቃዬን ልወስድ መጥቼ ነበር።»

የስፌት መኪናውን እግራቸው አቆመው። «የቱን ዕቃ?»

«በአማና የሰጠሁዎትን። ካርቡራተሩን።»

«ለኔ አልሰጠኸኝም ልጄ።»

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ግን በገዛ ሐሳቤ ውበት ሰክሬ ነበርና «እስቲ ረጋ ብለው ያስቡ፤ በዚያ ግርግር ተረስቶዎት ይሆናል» አልኳቸው።

በሱቁ ውስጥ ሱሪ የሚያስለካ አንድ ሰውዬ ነበር፤ እጁን ወደ ላይ እንደዘረጋ ቀረ። ጋሽ ይመር ተነሡ።

«አማና በልተሃል ነው የምትለኝ?»

«የለም! የለም፣ እኔ እንዲያው...»

«በስድሳ ዓመቴ! በሰው ፊት! ወላሂ፣ ቢላሂ፣ ተላሂ! ያንተን ብረት ዓይኔ አላየውም፣ እጄ አልነካውም!»

ሰው ተሰበሰበ። ዕቃ ሰረቅክ ቢባሉ ይሻላቸው ነበር፤ አማና በላህ ግን በእኛ አገር ለጠላት እንኳ የሚቆጠብ ቃል ነው። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ያዝኩ። «አውፍ ይበሉኝ ጋሽ ይመር፤ ጥፋቱ የራሴ ጭንቅላት ነው፤ ድሮም እንዲህ ነው።» ሱሪ የሚያስለካው ሰውዬ እጁን ሳያወርድ ስለ እኔ ለመነልኝ። ጋሽ ይመር በረጅሙ ተነፈሱ፣ ይቅር አሉኝ፤ ግን ይቅርታ አብሮ ሳይበላ አይጸናምና ምሳ አቀረቡና «ና፣ ቁጭ በል» አሉኝ። በረዶዬ እየቀለጠ ሳለ ለሦስት ሰው የሚበቃ ፍርፍር ፊቴ ተቀመጠ። እምቢ ማለት አይታሰብም።

እያኘክሁ ስለ መሐላቸው አስብ ነበር። እንዴት ያለ ሙሉ መሐላ ነው! ንጹሕ ሰው እንዲህ ነው የሚምለው... ጉርሻው አፌ ውስጥ እንዳለ ቆምኩ።

እትዬ ዘሐራ አልማሉም!

ስለ ጤናቸው ማሉ። ስለ ሽንኩርቱ ሁለት ጊዜ ማሉ። ስለ ካርቡራተሩ ግን አንድም ጊዜ «ወላሂ» አልወጣቸውም። እንዲያውም ነገሩን ወደ ኋላ ብመልሰው «የለኝም» የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም። «ምን ይሠራልኛል» ነው ያሉት። ጋሽ ይመርን በፍጥነት መርቄ፣ እሳቸውም መርቀውኝ፣ ወደ ገበያው ሮጥኩ።

«እትዬ ዘሐራ! ይማሉልኝ!»

«ስለ ምን?»

«ካርቡራተሬ እርስዎ ዘንድ ስላለመኖሩ።»

ሽንኩርቱን ያለ ምክንያት ከግራ ወደ ቀኝ ያዛውሩ ጀመር። «ሰው ገበያ መሐል ዝም ብሎ አይምልም» አሉ። ጎን ለጎን የተቀመጡት ነጋዴዎች ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው።

«አለ ማለት ነው!»

«አለም፣ የለምም አላልኩህ።»

«ታዲያ ይስጡኝ እንጂ!»

«ቃልህን ይዘህ ና።»

«የምን ቃል?»

«እሱን አላስታውስህም። እኔ ካስታወስኩህማ የምኑን ቃል ሆነ?»

ቀስ በቀስ ገባኝ። ያ ደጃፋቸው ላይ የሰጠሁት ረጅም መመሪያ! ካርቡራተሩን በምን ሁኔታ ብቻ እንደሚመልሱልኝ የነገርኳቸው ይመስላል፤ ሁኔታው ግን ጠፍቶኛል። ገበያው ሊያግዘኝ ተሰለፈ።

«ሚስቴን ይዤ ስመጣ ብለሃት ይሆናላ!» አለች አንዷ ቲማቲም ሻጭ።

«የሚስቱን አደራ መች አለ፤ የብረት ነው እንጂ!» አለች ሌላዋ።

«አገር ሰላም ሲሆን ብያለሁ?» ስል ሞከርኩ።

«ሰላም ነው ያለኝን ሁሉ አምኜ ቢሆን ይሄኔ ቤቴም አይኖር» አሉ እትዬ ዘሐራ።

«ሽማግሌ ይዤ?»

«አዬ!»

በመጨረሻ መላ ሲጠፋኝ እውነቱን አወጣሁ። ስለ አህመድ ወይፈኖች ነገርኳቸው፤ ሳጥኑን ከፍቼ በረዶውን አሳየኋቸው፤ ነገ ከቀትር በኋላ ከንቱ መሆኑን ነገርኳቸው። ሳቁ ቆመ። እትዬ ዘሐራ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ አንጀቴን አትብላው። 'ብለምንዎትም፣ ባለቅስም እንዳይሰጡኝ፤ ከኋላዬ መሣሪያ የያዘ ሰው ቆሞ ይሆናል' ያልከኝ አንተው ነህ። እኔ ምን ላድርግ? አማና ነው።»

ገበያው መሐል በራሴ ብልኃት ታስሬ ቆሜ ሳለሁ ሰይድ ከወዲያ ጫፍ ብቅ አለ። ጎማ የሚነፋው ሰውዬ ከገበያው ማዶ ነውና ሁለቱን ጎማዎች ግራና ቀኝ እያንከባለለ በሽንኩርቱ ረድፍ መሐል ይመጣል። እትዬ ዘሐራ የፊተኛውን ጎማ አዩ። የኋለኛውን አዩ። ጣታቸውን እያነሡ «አንድ... ሁለት» አሉ። ከዚያ ብድግ ብለው የሽንኩርቱን ገለባ ከቀሚሳቸው አራገፉና ከኋላቸው ወዳለው ጓዳ ገቡ። ሲመለሱ በሁለት እጃቸው አንድ ጥቅል ይዘው ነበር።

«ይኸው። 'ሁለቱንም ጎማ ይዤ ካልመጣሁ እንዳይሰጡኝ፤ ጎማዎቹን ከተሸሸጉበት ካወጣሁ እውነትም መንገድ ተከፍቷል ማለት ነው' አልከኝ። ይኸው መጣህ። ተረከበኝ።»

እንዲህ ማለቴን እስከዚህች ሰዓት ድረስ አላስታውስም። ግን አነጋገሩ የእኔ ነው፤ ያን ያህል የተወሳሰበ ነገር ሌላ ሰው አይልም።

ጥቅሉን ፈታሁት። ካርቡራተሩ ከሰጠኋቸው ይልቅ የጸዳ ነበር፤ ካንዴላውም በሌላ ጨርቅ ለብቻው ተጠቅልሏል።

«ያን ሁሉ ጊዜ እዚህ ነው የነበረ?»

«የት እዚህ! እኔስ ሸሽቼ አልነበር? ሰባት ቀን በእግሬ ስሄድ አዝዬው ነው። መንገድ ላይ አንዷ ሴት ልጅ መስሏት 'ታድለሻል፣ የማያለቅስ ልጅ ሰጥቶሻል' አለችኝ።»

«የእርስዎ ዕቃስ?»

«ወርቄ ቤት ቀረ፤ ተወሰደ።»

«ወርቁን ትተው ይህን ብረት አዘሉ?»

የማላውቀው ነገር እንደጠየቅኩ ሁሉ በአዘኔታ አዩኝ። «ወርቁ የኔ ነው ልጄ። ቢጠፋ ማን ይጠይቀኛል? በዚህ ግን እጠየቃለሁ።»

ሽንኩርት ገዛሁ፤ ብዙ ገዛሁ መሰለኝ።

ከሰዓት በኋላ ሙሉውን ሰይድና እኔ ጓሮዬ ውስጥ ጭቃ ስንፍቅ፣ ብሎን ስናጠብቅ፣ ጭድ ከጭስ ማውጫዋ ከማርሚታዋ ውስጥ ስናወጣ ዋልን። ዶሮዋ ከቅርጫቷ ሆና ትቆጣጠረን ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ ነዳጅ ጨመርንና ረገጥኩ። ዝም። ደግሜ ረገጥኩ። ሳል። በሦስተኛው አንድ ጊዜ ጭድ ተፋችና ተነሣች። ሰይድ ካቻቢቴውን ጆሮው ላይ ደግኖ ዓይኑን ጨፈነ፤ ሩብ ዙር መለሰ፤ ከዚያ ፊቱን አዞረብኝ። ዓይኑ ውስጥ ጭድ እንደገባ ነገረኝ፤ አመንኩት።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ሳጥኑን ከኋላዬ አሰርኩና ወጣሁ። ስለ አስፋልቱ ብዙ አልልም፤ ስለሚወዱት ነገር ብዙ ማውራት ያሳፍራል። ከወራት በኋላ ባዶው መንገድ ላይ ድምፅዋ ተራራው ጋ ደርሶ ሲመለስ፣ በየደጃፉ ሰው እየወጣ ያይ ነበር። አንድ ሽማግሌ ኮፍያቸውን አንሥተው አውለበለቡልኝ። ከጦርነቱ ወዲህ የሰሙት ሞተር ሁሉ የሚያስሸሽ ነበርና የሚቀርቡት ሞተር ናፍቋቸው ይመስለኛል።

ከውጫሌ በግራ ታጥፌ ጥርጊያው መንገድ ላይ ስወጣ ግን የአስፋልት ሞተር የገዛ ሰው የሚከፍለውን ሁሉ ከፈልኩ። ሆዷ ድንጋይ ላይ ፈጨ። ጎማዋ አሸዋው ላይ ዳንስ ጀመረ። አንድ ወንዝ ውስጥ በጎኗ ተኛች፤ እኔም አብሬያት ተኛሁ፤ ሳጥኑን ግን ከውኃው በላይ በሁለት እጄ ይዤው ነበር። ስፖኪዮዋ እዚያው ቀረ። ግን ባነሣኋት ቁጥር ተነሣች፤ በረገጥኳት ቁጥር መለሰችልኝ። ለዚህ መንገድ አልተሠራችም፤ የተሠራችለትን መንገድ ሳትጠይቀኝ ወሰደችኝ። ይህን የሚያደርግ ሰው ብዙ አላውቅም።

ረፋድ ላይ ደረስኩ። የመንደሩ ከብት በሙሉ በአንድ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ይጠብቀኛል። ሳጥኑን ስከፍት ሁሉም ሰው ጎንበስ አለ። የአውራ ጣቴን ያህል በረዶ ቀርቶ ነበር።

«አለ!» ብሎ አህመድ ጮኸ፤ መርፌውም ሥራ ጀመረ። ጥጃ፣ ጊደር፣ ወይፈን፤ አንዱ ሲያዝ ሌላው ሲለቀቅ ቀትር ሆነ። አህመድ የራሱን ወይፈን፣ ያችኑ አንዷን ተስፋውን፣ ዳር ላይ አስሮ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ይላል።

«ያንተስ?» አልኩት በመጨረሻ።

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከጧት ጀምሮ የኋላ ቀኝ እግሩን ያነክሳል ዶክተር። ለሰው አልተናገርኩም።»

የአባ ጎርባ መጀመሪያው ማንከስ ነው። ያነከሰ ከብት በአብዛኛው እስከ ማግሥቱ አይቆይም፤ መርፌዬም ምንም አይፈይድለትም። ጭኑን ዳሰስኩ፤ አላበጠም። ጫንኩት፤ አይንኮሻኮሽም። ጆሮው አልጋለም። ሰኮናውን አነሣሁ፤ ምንም አላገኘሁም። ወጋሁት። ግን አንድ የሚያነክስ ወይፈን ፊት ቆሞ «ደህና ነው» የሚል ቃል ከአፌ አልወጣልኝ አለ። አህመድም አልጠየቀኝም። ገመዱን ጨብጦ የወይፈኑን እግር ያያል።

ዕቃዬን ሰበሰብኩ፤ «ነገ ደውልልኝ» አልኩና ሞተሯን ረገጥኩ። ማርሚታዋ በወንዙ ተሰንጥቆ ኖሯል። እንደዚያ ያለ ድምፅ በዚያ ተራራ ላይ ተሰምቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ወይፈኑ ዘለለ። ገመዱን ከአህመድ እጅ ነጥቆ፣ ጭራውን ሰቅሎ፣ የተሰበሰበውን ከብት ለሁለት ሰንጥቆ ሽቅብ ከነፈ። መንደሩ በጩኸት ተከተለው፤ ዱላ ያነሣ አለ፣ ፊቱን ሊዘጋ የሮጠ አለ።

«ተዉት!» ብሎ ጮኸ አህመድ፤ የገመዱ ምልክት ያረፈበትን መዳፉን ወደ ላይ ዘርግቶ። «ተዉት ይሩጥ! ማንም እንዳይዘው! እግሩን እዩልኝ፣ እግሩን!»

ሞተሬን አጠፋሁ። ሁላችንም በቆምንበት አየን። ወይፈኑ ድንጋያማውን አቀበት በአራቱም እግሩ እየረገጠ ይወጣ ነበር።